የአማቴ ልብ ወፈረ

አሁን አሁን «ወፍረሃል» የሚለኝ ሁሉ ሊያስፈራራኝ ነው። ባለቤቴ ትለኛለች፣ የፋርማሲው ልጅ ይለኛል፣ የሱሪዬ ቁልፍ ሳይቀር በየጠዋቱ በራሱ መንገድ ይለኛል። እንደ አማቴ አድርጎ የሚለኝ ግን የለም። እሳቸው ሲሉት ምርቃት ነበር። ክንዴን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ ያደርጉና፣ በሬ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ገልበጥ አድርገው አይተው፣ «ወፍረሃል! ልጄ ትመግብሃለች ማለት ነው» ይሉኝ ነበር። ውሸታቸውን ነው። ያን ጊዜ ነፋስ ሲነሳ ባለቤቴ እጄን የምትይዘው በፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ተንሳፍፌ ጫሞ ሐይቅ እንዳልገባባት ነው። ጥላዬ ከእኔ ይወፍር ነበር።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የጨንቻ ሸማኔ ነበሩ። ጋቢ ይሠሩና አርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ገበያ ለመሸጥ ሲወርዱ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ እኛ ቤት ያድራሉ። እኔ ደግሞ ከሰሜን ለአንድ ዓመት ብዬ አርባ ምንጭ መጥቼ፣ ሙዙ ይሁን ሙቀቱ ብቻ አንዱ ነገር ይዞ ያስቀረኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ «አንዱ ነገር» የተባለችው እሷ እንደሆነች ታውቃለች። ሥራዬ የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች የሚለማመዱበት ላብራቶሪ ውስጥ ነበር። ፓምፕ እከፍታለሁ፣ ፓምፕ እዘጋለሁ፣ ረጅም የመስታወት ቦይ ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚሄድ አሳያለሁ። ቤት ስገባ ግን ዋናው ሥራዬ ማጋነን ነበር።

ይህን ጠባዬን ባለቤቴ ትገሥጻለች፤ አማቴ ግን ይወዱታል። የሚወዱበት መንገድ ደግሞ የራሳቸው ነው። አንድ ቀን «አባባ፣ ዛሬ ጫሞ ዳር አንድ አዞ አየሁ፣ ከሚኒባስ ይረዝማል፤ አሳ አስጋሪዎቹ ጀርባው ላይ መረብ ያሰጣሉ» ብዬ ብነግራቸው፣ ሳይስቁ ሳይቆጡ በጥሞና ሰምተው፣

«ግማሹን ወሰድኩ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ምንም ልናገር፣ ግማሹን ይወስዱና ግማሹን ይመልሱልኛል። ልጃቸውን ያገባሁ ሰሞን «ለልጅዎ ያለኝ ፍቅር ጫሞና አባያ ተደምረው የሚያክል ነው» ስላቸው፣ ጥቂት አሰቡና «ጫሞን ወሰድኩ፤ አባያን መልሼልሃለሁ» አሉኝ። በዚህች አገር ላይ እንደ እሳቸው ውሸቴን አክብሮ የተቀበለኝ ሰው አላጋጠመኝም። ሌላው ወይ ሙሉ በሙሉ ያምነኛል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሰድበኛል።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት አማቴ በእግራቸው ነበር የሚወጡት። ባጃጅ ሲቆምላቸው «ባጃጅ ለእንቁላል ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ከኋላ ምላሴን አውጥቼ ስከተል እሳቸው ጋቢ ተሸክመው የሚጨዋወቱት ከራሳቸው ጋር ነበር፤ እኔ ትንፋሽ የለኝማ። በኋላ ግን መሐል መንገድ ላይ መቆም ጀመሩ። ዛፍ ሥር ይቆሙና «ይቺን ወፍ እያት» ይሉኛል። ቀና ብዬ አያለሁ። ወፍ የለም።

እኔ ደግሞ ወፍ የለም ብዬ የማፍር ሰው አይደለሁም። «አየኋት አባባ! አንገቷ ሰማያዊ፣ ጅራቷ እንደ ሙሽራ ቬሎ የሚጎተት!» እላለሁ። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ «ግማሹን ወሰድኩ» ይላሉ። እንዲህ እያልን ከዛፍ ዛፍ የሌሉ ወፎች እየቆጠርን ስንወጣ ሰነበትን። ዛሬ በዚያ ዳገት ባለፍኩ ቁጥር እነዚያን ወፎች እፈልጋቸዋለሁ። እውነተኞቹ ወፎች እንዲያውም አያስደስቱኝም።

ነገሩን ያወቀችው ባለቤቴ ናት። ከበሩ ላይ ሆና ዳገቱን ሲወጡ አየቻቸው።

«አባባ፣ ደረትህን ለምንድን ነው የምታሸው?»

«ምንም። ስወጣ ደረቴ ላይ ሰው ይቀመጣል። ስቆም ተነሥቶ ይሄዳል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ አይደለህም። አንተ ብትሆን አይሰማኝም» አሉ።

ባለቤቴ አልሳቀችም። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው።

ሐኪሙ ሪዛም፣ ድምፁ ወፍራም ሰው ነበር። መረመራቸው፣ የልባቸውን ምት የሚያነሣውን ማሽን አጣበቀላቸው፣ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። ከዚያም በትሕትና እንዲህ አላቸው፦ «አባቴ፣ ልብዎን የሚመግቡት የደም ሥሮች ግድግዳቸው ሳይወፍር አልቀረም።»

አማቴ ብድግ አሉ። የሐኪሙን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳሙት።

አትፍረዱባቸው። ጨንቻ ጭጋጉ ቤት አንኳኩቶ የሚገባበት አገር ነው። የእሳቸው ቤት ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የተጠለፈ፣ ከላዩ ድርብርብ የለበሰ፣ ከሩቅ ሲያዩት ዝሆን የሚመስል ነበር። በየዓመቱ አንድ ድርብ ይጨምሩለታል። በዚያ ሰፈር ግድግዳው የወፈረ ቤት ያለው ሰው ማለት ልጆቹን ብርድ የማይነካበት፣ እንግዳው የማይንቀጠቀጥበት ሰው ማለት ነው። ሰውም ቢሆን ሲወፍር እሰየው ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው፣ በሰባ ዓመቱ አካባቢ፣ የተማረ ሰው ተነሥቶ «ልብህ ግድግዳዋ ወፈረ» ሲለው ምን ይበል?

ከሐኪም ቤት በቀጥታ ሲቀላ ገበያ ሄዱ። አማቴ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ማድረጉ ብዙም አያስጨንቃቸውም ነበር፤ እኔም በጋሞኛ አፌን ስከፍት ከላሞች አፍ ሣር ይወድቃልና ተቻችለን ነው የምንኖረው። ገበያው መሐል ቆመው ጮክ ብለው «ዶክተሯ አየችኝ! ልቤ ወፍራለች አለችኝ!» አሉ።

«እሰይ!» አለ ጋቢ ሻጩ ሁሉ።

ከገረሴ ቅቤ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት «አንተ ሽማግሌ፣ ምን በልተህ ነው ልብህ የወፈረው? የኔ እኮ ከስታ አለቀች» አለቻቸው።

«ያንቺኑ ቅቤ ነዋ!» አሉና የእንኳን ደስ ያለዎት ቅቤ ይዘው ገቡ። ባለቤቴ ቅቤውን ተቀብላ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

እኔ ከሐኪሙ ጋር ወደ ኋላ ቀርቼ ስለነበር ነገሩን እንደ አማቴ በደስታ መውሰድ አልቻልኩም። «ሲራመዱ የሚመጣ ሕመም ነው፤ አሁን ጊዜ አለን» አለኝ ሐኪሙ። «አዲስ አበባ ሄደው የደም ሥሮቹን ፎቶ መነሣት አለባቸው። ምናልባት ወዲያው የጠበበውን ይከፍቱላቸዋል። ሜዳ ላይ ሲሄዱ ከጀመራቸው ግን ጊዜው እያጠረ ነው ማለት ነው። ተቀምጠው ከመጣማ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ።»

«ግን ለምን ወፈረ?» አልኩት። እንዲሁ ለመጠየቅ ያህል ነበር።

የት እንደምሠራ ሲሰማ ፈገግ አለ። ደም ሲሄድ ዝም ብሎ አያልፍም አለኝ፤ ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ ወደ መንገዱ እየጎተተ ነው የሚያልፈው። ቀጥ ባለው ቦታ፣ ዳሰሳው ጠንከር ብሎ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን፣ የግድግዳው ሽፋን ደህና ሆኖ ይኖራል። የደም ሥሩ በሚታጠፍበት ጎንና በሚገነጠልበት ቦታ ግን ደሙ ይለግማል፣ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዳሰሳው ይደክማል። ሽፋኑ የሚታመመው እዚያ ነው፤ ስቡ የሚገባው እዚያ ነው፤ ግድግዳው ቀስ በቀስ የሚወፍረው እዚያ ነው። «ዕድሜም አለበት፣ ደም ግፊትም አለበት፣ የሚበላውም አለበት» አለኝ፤ «ቦታውን የሚመርጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ አካሄዱ ነው።»

ይሄ እኮ የእኔ ሥራ ነው! ስንት ዓመት ሙሉ የመስታወት ቦይ አጠገብ ቆሜ «መገንጠያው ጋ ውሃው ይዞራል፣ ልብ በሉ» ስል የኖርኩት የአማቴን ደረት ሳብራራ ነበር ማለት ነው።

ያን ዕለት ማታ፣ ቆጮ በሽፈራው ቅጠል ቀርቦ፣ ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «አንተን ይሰማል። ንገረው» አለችኝ በሹክሹክታ። ጀመርኩ። የጀመርኩት ግን እኔ በማውቅበት መንገድ ነው።

«አባባ፣ ልብዎ በአንድ ቀን ጫሞን ሙሉ ቀድታ ትጨርሳለች።»

«ግማሽ ጫሞ» አሉ፣ ቆጮውን እየጎረሱ።

«ደም ሥሩ ደግሞ ጠቦ ጠቦ መርፌ አያሾልክም!»

«ግማሹን ወሰድኩ። መርፌ ካሾለከ ክር ያስገባል፤ ክር ከገባ ሥራ አለ።»

«አዲስ አበባ ካልሄዱ...»

ይህን ጊዜ ቆጮውን አስቀመጡት። «አዲስ አበባ አልሄድም። ወንድሜ ሄደ። ሽመናውን እዚያ ተከለ። በመስቀል እመጣለሁ አለ፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ አለ። መቃብሩም እዚያው ነው። ሰው ልቡ ስለወፈረ አገሩን ጥሎ አይሄድም።»

ሕመሙን ግማሽ በግማሽ እያደረጉ ለአንድ መኸር ያህል ኖሩ። የተናገርኩትን ባሳነሱልኝ ቁጥር እኔ ደግሞ አስፈሪ እንዲሆን እጨምርበታለሁ፤ በጨመርኩ ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ይስቃሉ። ባለቤቴ አባቷን በወሬ ጨዋታ ልናጣው እንደሆነ ገብቷት እኔን በዓይኗ ትበላኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከግቢያችን በር ተነሥተው ወደ ቤት ሲገቡ ሜዳው ላይ ቆሙ። ዳገት የለም። ዛፍም የለም። «ወፍ...» አሉና የሚያሳዩበት ቅርንጫፍ አጡ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

እኔም የምናገረው ወፍ ጠፋኝ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ በባጃጅ (ያን ዕለት «እንቁላል ሆንኩ» ብለው ገቡላት) ወደ ላብራቶሪው ይዣቸው ሄድኩ። ተማሪ የሌለበት ሰዓት ነበር። ወንበር ሰጠኋቸውና ፓምፑን ከፈትኩ። ውሃው በመስታወቱ ቦይ ውስጥ ኩልል ብሎ መጣ። በቀጭን ቱቦ ቀይ ቀለም ለቀቅኩበት። ቀለሙ አንድ ክር ሆኖ፣ ተወጥሮ፣ ሳይነካካ ቀጥ ብሎ ሄደ።

አማቴ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። «ድር ነው» አሉ። «ጥሩ ድር።»

ከዚያ ቦዩ ወደ ሁለት የሚገነጠልበት ቦታ ደረሰ። ክሩ ለሁለት ተከፈለ፤ በመሐል የሄደው አለፈ። በጎን በኩል ያለው ግን ግድግዳው ጋ ሲደርስ ለገመ፣ ተጠማዘዘ፣ ዞረ፣ ወደ መጣበት ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ። እዚያች ጥግ ላይ የተወሳሰበ ቀይ ክምር ሆኖ ቀረ።

እሳቸው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ክምሩን ይከተላሉ። እኔን ይጠብቃሉ። አሁን አንድ ነገር እንደምል ያውቃሉ፤ አዞ ይመጣል፣ ጫሞ ይደርቃል፣ የሆነ ነገር። አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ግን ይህ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ ልብዎን የሚመግበው ደም እንደዚህች ጥግ እየዞረ ነው። ግድግዳው የወፈረው ወደ ውጭ አይደለም። የጨንቻ ቤት ሲወፍር ከውጭ ነው የሚደረብበት፤ ውስጡ እንደሰፋ ነው። ይሄኛው ወደ ውስጥ ነው የወፈረው። ደለል ቢሆን ይጠረግ ነበር፤ ደለል አይደለም፣ ራሱ ግድግዳው ነው ወደ ውስጥ ያበጠው። ደሙ ማለፊያ እያጣ ነው። ካልሄዱ ይሞቱብናል።»

ፓምፑ ይጮኻል። ጠበቁ።

«ቀጥል እንጂ» አሉኝ።

«አለቀ።»

«ቀልዱስ?»

«የለውም።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ መለማመን ባለ ድምፅ፣ «ግማሹን ልውሰድ?» አሉኝ።

«አይ አባባ። ዛሬ ሙሉውን ይውሰዱ።»

እጃቸውን ከመስታወቱ ላይ አነሡ። ጣታቸው ያረፈበት ላይ ትንሽ እርጥበት ቀርቶ ነበር። «ውሃዋን አጥፋት» አሉ። አጠፋሁ። ቀዩ ክምር ዝም ብሎ ውሃው ውስጥ ተንሰራፋ። «እሺ። እንሄዳለን። ግን አንተ ነህ የምትወስደኝ፤ አንተም ነህ የምትመልሰኝ። እንደ ወንድሜ እዚያ ብቀር አፍህን በሙሉ አላምንም፤ ግማሹንም አልወስድም።»

ወሰድኳቸው። የአዲስ አበባውን ጉዞ ለሰው ስናገር አውቶቡሱ ተገልብጦ፣ እኔ በአንድ እጄ አንሥቼው የሚል ነገር አለበት፤ እሱን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ። እውነቱ አጭር ነው። በእጃቸው አንጓ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው እስከ ልባቸው ደረሱ፤ መገንጠያዋ ጋ የጠበበውን ከፈቱ፤ ከሽቦ የተጠለፈች ትንሽ ቱቦ እዚያ ትተው ወጡ። ቱቦዋ ከመግባቷ በፊት የአዲስ አበባው ሐኪም እሷን የምትመስል ናሙና አሳያቸው። አማቴ ብርሃን ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ጨፈን እያደረጉ ጥልፏን መረመሩ።

«ይቺን ማን ሠራት?»

«ፋብሪካ ነው አባቴ።»

«አይደለም» አሉ፣ በእርግጠኝነት። «ሸማኔ ነው።»

ስንመለስ አርባ ምንጭ ሳንውል በቀጥታ ጨንቻ ነው የወጣነው። መንገዱ ያው ጥምዝምዝ ነው፤ መኪናው እጥፋቱ ላይ ደርሶ ሲያዘግም እጄን እየነካኩ «እዚህ ጋ ነው የሚወፍረው» ይሉኛል። ጭጋጉ ውስጥ ገባን። ሰፈርተኛው ወጥቶ ጠበቀን። «ሳሮ! ሳሮ!» እያለ በጋሞኛ ሰላምታ ተቀበለን። መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤት ትከሻቸውን ይዛ «ወይኔ! አዲስ አበባ ተስማምታሃለች፤ ወፍረሃል!» አለቻቸው።

«አትበይኝ!» ብለው ጮኹ አማቴ። «ከስተሃል በይኝ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሰፈር ሰላምታው ተገለበጠ። እሳቸውን የሚወድ ሁሉ «ከስተሃል» ይላቸዋል። እንግዳ ሰው የሰማ እንደሆነ ስድብ ይመስለዋል። ለእኔ ብቻ አሮጌውን ሰላምታ አልነፈጉኝም። ዘወትር ክንዴን ቆንጠጥ አድርገው «ወፍረሃል!» ይሉና፣ ጥቂት አስበው፣ «ወደ ውጭ ነው፤ ደህና ነው» ይጨምራሉ።

ዓመታት ኖሩ። ዳገቱንም ወጡ፤ ግን ወፍ ለማየት መቆም ስለለመድን ያለ ሕመም እንቆም ነበር። የሞቱት ቤታቸው ውስጥ ነው፣ ያ ሁሉ ድርብርብ በለበሰው ግድግዳ ውስጥ፣ በእርጅና፣ በክረምት፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ። ያን ዕለት ሰፈርተኛው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ «አንተም ነህ የምትመልሰኝ» ያሉኝን ብቻ ነበር የማስበው። መልሼያቸዋለሁ።

ያንን ቤት ምስጥ ከሥሩ እየበላው ስለሆነ በየዓመቱ ዝቅ ይላል። በሩን ጎንበስ ብዬ ነው የምገባው፤ ወይም ሆዴ ነው ቶሎ የሚያጎነብሰኝ፣ አላውቅም። የመጨረሻ ጊዜ ስሄድ፣ የሽመናቸው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጬ፣ አንድ አዞ ፈጠርኩላቸው። ትልቅ አዞ፣ ጫሞን በጅራቱ ወደ አባያ የሚያሻግር። ነግሬ ስጨርስ አዞው ሙሉውን እጄ ላይ ቀረ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትሰማኝ ኖሯል። «ናፍቆሃል?» አለችኝ።

«ጫሞና አባያ ተደምረው የሚያክል» አልኳት።

አመነችኝ፤ እሷ ሁልጊዜ ሙሉውን ነው የምታምነኝ። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እኔ ግን እንደ ድሮዬ መልሱን እየጠበቅኩ ነበር። ጥቂት ያስባሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ጫሞን ይወስዱልኛል፤ የምሸከመው አባያን ብቻ ይሆናል።